ሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ ደም ቅዳ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ በሃይሌ ጋርመንት አድርጎ ወደ ሀና ማርያም የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን ቢያይ «አልትራሳውንድ» የሚል ማስታወቂያ ያወጣ ክሊኒክ አያጣም። ነፍሰ ጡሯ ፅንሷን ልታይ፣ ጎኑን ያመመው ጎልማሳ የኩላሊት ጠጠር ይኖር እንደሆነ ሊያጣራ፣ ሽንት አልወርድ ያላቸው አዛውንት ፕሮስቴታቸውን ሊታዩ ይገባሉ። አዛውንቱ ጋ ትንሽ እንቆይ። ጋሼ ዕድሜያቸው 68 ነው እንበል። በጎልማሳነታቸው ሲጋራ ከእጃቸው አይለይም ነበር፤ ዛሬ ትተውታል። ግፊት አለባቸው። ባለሙያው ፊኛቸውን፣ ፕሮስቴታቸውንና ኩላሊታቸውን አይቶ ውጤቱን ጽፎ ሰጣቸው። መሣሪያው ሆዳቸው ላይ ሳለ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢጨመርበት ኖሮ ከልብ ወደ ታች የሚወርደው ትልቁ ደም ቅዳም ይለካ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያቺ ሳትለካ የቀረችው ቁጥር ናት።

ይህ ደም ቅዳ አኦርታ ይባላል። ከልብ ወጥቶ ደረት ውስጥ ቅስት ይሠራል፣ የጀርባ አጥንትን ተደግፎ ወደ ሆድ ይወርዳል፣ እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ይሄዳል። ሆድ ውስጥ ያለው ክፍሉ በጤነኛ አዋቂ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ግድግዳው በዕድሜ፣ በሲጋራ ወይም በዘር በወረደ ድክመት ሲሳሳ የደሙ ግፊት ከዓመት ዓመት እየለጠጠው ይሄዳል። ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሐኪሞች አኑሪዝም ይሉታል። ብዙውን ጊዜ የሚለጠጠው ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች ያለው ቦታ ነው።

ችግሩ አለማመሙ ነው። አንድ ሰው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር የደረሰ አኑሪዝም ይዞ እህል ሲዘራና ሲያጭድ፣ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ሊኖር ይችላል። አንዳንዱ በጀርባው ሲጋደም እምብርቱ አካባቢ የሚመታ ነገር ይሰማዋል፤ ነገር ግን ቀጭን ሰው ላይ ጤነኛው አኦርታም እንዲሁ ይመታል፣ ወፍራም ሰው ላይ ደግሞ ትልቁ እንኳ በእጅ ላይገኝ ይችላል። ከፈነዳ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ሆስፒታል ሳይደርሱ የሚያልፉት አብረው ሲቆጠሩ ከ10 ሰዎች 8 ያህሉ አይተርፉም። ስለዚህ ሕክምናው ሁሉ የሚያተኩረው ከመፈንዳቱ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ነው።

ለምን ይፈነዳል? ጎሚስታ ከመነዳሪ ሲነፋ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ላስቲኩ አንድ ቦታ ከሳሳ እዚያ ላይ ጉብ ይላል፤ ጉብ ካለ በኋላ አየሩ ባይጨመርም የጉብታው ቆዳ ከሌላው ይበልጥ ተወጥሯል። በቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ውጥረት ከውስጥ ካለው ግፊት ጋር ብቻ ሳይሆን ከቧንቧው ስፋት ጋርም አብሮ ያድጋል። አኑሪዝሙ በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ይበልጥ ይወጠራል፣ ይበልጥ ሲወጠር ደግሞ ይሰፋል። በዚህ አካሄድ ውስጥ ሰው ሊነካቸው የሚችላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ግፊቱ፣ ግድግዳውን የሚበላው ነገር፣ ካልሆነም ቧንቧውን መለወጥ።

መቼ እንደሚፈነዳ ቀኑን የሚናገር ሐኪም የለም። ሐኪሙ የሚያውቀው ዕድሉን ነው፤ ዕድሉን ከሁሉ በላይ የሚናገረውም ስፋቱ ነው። ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ የመፈንዳት ዕድሉ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በሌላው ጫፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አኑሪዝማቸው 5.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ወይ ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ያሉ ወይ ጤናቸው የማይፈቅድላቸው ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። 5.5 አካባቢ የነበሩት ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ የመፈንዳት ዕድሉ 9 በመቶ ገደማ ሲሆን 7 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የነበሩት ላይ ግን ከሦስት ሰው አንዱ ዘንድ ደርሷል። አወጣጡ ቀጥ ያለ አይደለም፤ መጀመሪያ ዝግ ይላል፣ ከዚያ ያሻቅባል።

«ታዲያ ገና 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ሳለ ለምን አይቆረጥም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የተገኘው በብሪታንያ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ በወጣ ጥናት ነው። ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲ ሜትር አኑሪዝም የነበራቸውን 1,090 ሰዎች ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ቶሎ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት፣ ሌላውን በአልትራሳውንድ ብቻ ተከታተሉት። ቶሎ የተቀደዱት ከሌሎቹ የበለጠ ዕድሜ አላገኙም። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሰው ይገድላል፤ ትንሽ አኑሪዝም ላይ ከቢላዋው የሚመጣው አደጋ ከመፈንዳቱ አደጋ አይሻልም። ለወንዶች የ5.5 ሴንቲ ሜትር ድንበር የጸናው በዚህና ከዚህ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ነው። ከዚያ በታች ያለ ሰው «ጠብቅ» ሲባል ገንዘብ ስለሌለው ወይም ስለተናቀ አይደለም፤ በለንደንም ቢሆን የሚባለው ይኸው ነው።

ሴቶች ላይ ድንበሩ ዝቅ ይላል። አኑሪዝም ከወንዶች ይልቅ እነርሱ ላይ ብርቅ ነው፤ ከተገኘ ግን በእኩል ስፋት የመፈንዳት ዕድሉ ከወንዶቹ ሦስትና አራት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ስለ ጥገናው ማሰብ ይጀመራል። «ይህ የወንዶች በሽታ ነው» እየተባለ የእናቶች ሆድ ሳይታይ የሚታለፍ ከሆነ ስህተት ነው።

ከስፋቱ ቀጥሎ የሚታየው ፍጥነቱ ነው። ትናንሾቹ በአማካይ በዓመት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር የጨመረ አኑሪዝም ድንበሩ ላይ ባይደርስም የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ተንኮለኛ ነገር አለ። ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ ሰው በዚያው ቀን ቢለኩ የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ሊያመጡ ይችላሉ። አንዱ የግድግዳውን ውስጠኛ ጠርዝ፣ ሌላው ውጨኛውን ይዞ ይለካል፤ በዚህ ብቻ 3 እና 4 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። ዓምና ሀና ማርያም፣ ዘንድሮ ደግሞ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የተለካ ሰው «አድጓል» ተብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ ያደገው ነገር ግን የለም። የሚቻል ከሆነ በየዓመቱ እዚያው ቦታ መለካት፣ የቀድሞውን ወረቀትም ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ወረቀቱ ላይ «አኦርታ፦ ደህና» ተብሎ ቢጻፍ በቂ አይደለም። ቁጥሩ በሚሊ ሜትር ይጻፍ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ከመለካቱ በፊት ባዶ ሆድ መሆንም ይረዳል፤ አንጀት ውስጥ ያለ አየር ምስሉን ይሸፍናልና።

መሐንዲሶችና ሐኪሞች ከሲቲ ስካን ምስል ተነሥተው ግድግዳው የት ላይ ይበልጥ እንደተወጠረ በኮምፒውተር ለማስላት ብዙ ዓመት ደክመዋል። ሁለት ሰዎች እኩል 5 ሴንቲ ሜትር ይዘው አንዱ ላይ ፈንድቶ ሌላው ላይ ለምን እንደማይፈነዳ ይህ ሳያስረዳ አይቀርም። ለጊዜው ግን ውሳኔ የሚሰጠው ያችን ተራ ልኬት ይዞ ነው፤ ይህም ለእኛ መልካም ዜና ነው፤ ልኬቷ ከቀበሌያችን አትርቅምና። ከ3 እስከ 3.9 ሴንቲ ሜትር የተገኘበት ሰው በየሦስት ዓመቱ፣ ከ4 እስከ 4.9 የሆነ በየዓመቱ፣ ከ5 ያለፈ በየስድስት ወሩ ይለካ የሚለው አሠራር ብዙ አገር ይሠራበታል።

አደጋውን መተንበይ አንድ ነገር ነው፤ መቀነስ ሌላ። ከመቀነሻዎቹ ሁሉ የሚቀድመው ሲጋራ መተው ነው። የሚያጨስ ሰው አኑሪዝም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከያዘው በኋላም ቶሎ ያድግበታል፣ የመፈንዳት ዕድሉም እጥፍ ይሆናል። የብሪታንያ ታሪክ ይህን ያሳያል። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው ትልቁ የምርመራ ጥናታቸው ከ65 እስከ 74 ዓመት ከሆናቸው 100 ወንዶች 5 ያህሉ ላይ አኑሪዝም ተገኝቶ ነበር። ዛሬ 65 ዓመት የሞላቸውን ወንዶች ሁሉ ጠርተው ሲለኩ ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። የዕድሜው ልዩነት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ትልቁን ሥራ የሠራው ቀዶ ሐኪም አይደለም፤ ሲጋራውን የጣለው ሕዝብ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው፤ ወንዶቹ ብቻ ሲቆጠሩ 8 በመቶ ገደማ። ከብዙ አገሮች ጋር ሲተያይ ዝቅተኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ጫት ቤቱን ያየ ሰው ክልከላው እዚያ ምን ያህል እንደሚከበር ያውቃል፤ ቢሆንም ሕጉ አለ። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ፣ እንደ እንግሊዞቹ 65 ዓመት የሞላውን ሁሉ ለመለካት ዘመቻ ማወጅ ለአገራችን አይሆንም እላለሁ። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ጥቂት ይገኛል፤ ያ ገንዘብ ግፊት መለኪያና የግፊት መድኃኒት ቢገዛ ይሻላል። መመርመር ያለበት ሰው ተለይቶ ይታወቃል፤ ዕድሜው 65 አካባቢ የደረሰና በሕይወቱ ዘመን ያጨሰ ወንድ፣ እንዲሁም ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ይህ ነገር የተገኘበት ሰው። ለእነዚህ አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል። 68 ዓመት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከዚህ ሐሳብ ተገላገለ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ግፊት አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከፍተኛ የደም ግፊት 16 በመቶ ገደማ ከሚሆኑት አዋቂዎች ላይ ማግኘቱ ይታወቃል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም ነበር። አኑሪዝም ያለበት ሰው ግፊቱን መቆጣጠሩ የመፈንዳቱን ዕድል ይቀንሳል፤ ልቡንና ጭንቅላቱንም ያድንለታል። ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ፤ ሁዳዴ ሲገባ ኪኒኑ አብሮ ይጾማል። ቁርስ የለም ተብሎ መድኃኒቱ ይታለፋል፣ ፋሲካ ሲደርስ ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል። በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ሰዓቱ ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ቀላል ነው፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ የሚሰጥ የንስሐ አባትም አይታጣም።

አኑሪዝሙን ራሱን የሚያቆም ኪኒን ግን እስካሁን የለም። ብዙ ተስፋ የተጣለበት ዶክሲሳይክሊን አሜሪካ ውስጥ ተፈትኖ በ2020 እ.ኤ.አ. እንደማይሠራ ታይቷል፤ ፕሮፕራኖሎልም ከዚያ በፊት ወድቋል። አሁን ዓይን ያረፈው ሜትፎርሚን በሚባለው የስኳር መድኃኒት ላይ ነው፤ የስኳር ሕመምተኞች አኑሪዝም ከሌላው ሰው ዝግ ብሎ የሚያድግ መሆኑ ግራ ያጋባ ስለነበረ። ጥናቱ ገና ስላላለቀ ስኳር የሌለበት ሰው ለዚህ ብሎ አይውሰደው። በተቃራኒው ሊራቅ የሚገባው መድኃኒት አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ አኑሪዝም ላለበት ወይም ለሚያሰጋው ሰው ሌላ አማራጭ ከጠፋ በቀር እንዳይሰጡ አሳስቧል። እኛ አገር «ሲፕሮ» ለተቅማጥም ለሽንትም ከፋርማሲ በቃል ይገዛል። አኑሪዝም ያለበት ሰው ይህን ለፋርማሲስቱ አስቀድሞ ይንገር።

እስካሁን የተነገረው ስለ አዛውንቶች ነው። ሌላ ዓይነትም አለ። ሳልሞኔላ፣ ስታፊሎኮከስ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቂጥኝ የደም ቅዳውን ግድግዳ ሲያጠቁ ወጣት ሰው ላይ አኑሪዝም ይፈጠራል፤ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች ላይም ይታያል። እነዚህ በሽታዎች ባሉበት አገር የሚሠራ ሐኪም ይህን መርሳት የለበትም። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የማይለቅ የጀርባ ሕመም አንድ ላይ ሲመጡ ይጠረጠራል። እዚህ የ5.5 ሴንቲ ሜትሩ ሕግ አይሠራም፤ ትንሹም በቀናት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፣ ተኝቶ መታከም ግድ ነው።

ድንበሩን ላለፈው ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሆድ ተከፍቶ የተለጠጠው ቦታ በሰው ሠራሽ ቧንቧ የሚተካበት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሻርል ዱቦስት በ1951 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የተበላሸውን ቆርጦ በሌላ ሰው ደም ቅዳ ከመተካቱ በፊት ሐኪሞች ግድግዳውን ከውጭ ለማጠንከር ይሞክሩ ነበር። የአልበርት አይንስታይን አኑሪዝም በ1948 እ.ኤ.አ. በሴሎፎን የተጠቀለለው ለዚህ ነው። ከስድስት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ሲፈነዳ ሌላ ቀዶ ሕክምና አልፈልግም ብሎ በ76 ዓመቱ ሞተ። ሁለተኛው መንገድ ቀዶ ሐኪሙ ሁዋን ፓሮዲ በ1990 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ ላይ የጀመረው ነው፤ በብሽሽት በኩል የተጣጠፈ ሰው ሠራሽ ቧንቧ አስገብቶ ከውስጥ መዘርጋት። በብሪታንያ ሁለቱ ሲወዳደሩ በመጀመሪያው ወር የሚሞተው ሆዳቸው ከተከፈተው ከ100 ሰዎች 5 ገደማ፣ በብሽሽት ከታከሙት 2 የማይሞላ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ብልጫው ጠፋ፤ የተዘረጋው ቧንቧ ሊንሸራተትና ሊያፈስ ይችላል፣ በሽተኛውም ዕድሜውን ሙሉ በምስል መታየት አለበት።

አገራችን ውስጥ የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሥራውም አዲስ አበባ ላይ፣ በተለይ እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ተሰብስቧል። በብሽሽት የሚገባው ቧንቧ ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ቢሆንም ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ያለ ቢላዋ» የሚባለውን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሲቲ ስካን ማን እንደሚከፍል ግን ቀድሞ ይታሰብ። ክትትሉ የማይቻል ከሆነ፣ ጥሩ አቅም ላለው ሰው አንዴ ተከፍቶ የሚያልቀው ሊሻለው ይችላል። ከ80 ዓመት በላይ ሆነው ልብና ኩላሊታቸው የደከመ ሰው ደግሞ ምንም ላለማድረግ ቢወስኑ ውሳኔያቸው መከበር ያለበት ነው።

ሲፈነዳ ምን ይመስላል? ድንገት የሚጀምር፣ ከዚህ በፊት ያልታየ ዓይነት ከባድ የሆድ፣ የጎን ወይም የወገብ ሕመም፤ ላብ፣ ራስ መሳት፣ የግፊት መውረድ። እኛ ዘንድ የሆድ ሕመም ሁሉ ጨጓራ፣ የጎን ሕመም ሁሉ ኩላሊት ነው፤ የወገቡ ደግሞ ወደ ወጌሻ ይላካል። በዓለም ዙሪያ ሐኪሞችን ሳይቀር ከሚያሳስቱት አንዱ የኩላሊት ጠጠር ነው። ዕድሜው ከ60 ባለፈ ሰው ላይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ «ጠጠር» አኦርታው ሳይታይ ማስታገሻ ተወግቶ ወደ ቤት አይመለስ። ማሸት ፈጽሞ አይገባም። በ907 የቀይ መስቀልን፣ በ939 የከተማውን የእሳትና አደጋ አምቡላንስ መጥራት ይቻላል። ስልኩ ላይ የሚነገረው ቃል «ሆዱን አሞታል» ሳይሆን «የአኦርታ አኑሪዝም አለበት፣ ፈንድቶ ይሆናል» ነው፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ተረኛው ሐኪም ቀዶ ሐኪሙን የሚጠራበትን ሰዓት ይለውጣል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግን ሰውየው ማወቅ አለበት። ከባድ ዜና ሲመጣ ልጆች ሐኪሙን ወደ ጎን ጠርተው «ለአባባ አይነገር፣ ይደነግጣሉ» ማለት ልማዳችን ነው። ለሌላ በሽታ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ለዚህ ግን ልማዱ ይጎዳል። ሕመሙ የሚመጣው ምናልባት ሌሊት፣ ምናልባት ልጆቹ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ምናልባትም ዲሲ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ሳሉ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ያጨሰ አባት ካለ፣ ከ65 እስከ 75 ዓመት ባለው ዕድሜ አንዴ በአልትራሳውንድ መታየት እዚያ የተለመደ ምክር ስለሆነ ልጆቹ ቀጠሮ ይያዙለት፤ አዲስ አበባ የተለካበትን ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ይውሰድ። ተገኝቶበት ከሆነም ቁጥሩ፣ የተለካበት ቀንና የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በአንድ ወረቀት ተጽፈው ከመታወቂያው ኋላ ይቀመጡ፤ ወንድሞቹና እህቶቹም ሄደው ይለኩ።